የኢያቄም ለቅሶ

ሀና ማርያም፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኢያቄም ማሞ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ሳይረጥብ ተሻግሮ ደጅህን ያንኳኳ። አቦ ጻድቁ በሄድክበት ሁሉ ቀድመው ይጠብቁህ። የእኔን ደህንነት ከእጅ ጽሕፈቴ ታየዋለህ።

አዎ፣ የእጄ ጽሕፈት ነው። በሰው አላስጻፍኩም። ዕድሜዋን ሙሉ በአውራ ጣቷ ስትፈርም የኖረችው አክስትህ ተሾመች ዛሬ ለጣሊያን አገር ትጽፋለች። በማታው ትምህርት እኔን የሚቀድም አልተገኘም። አስተማሪያችን ዝማሬ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት፤ «እማማ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሌሎቹ እኮ ቀሩ» ትለኛለች። ለትሕትና ስል አንድ ቀን ቀረሁላቸው። ጉሊቴ ላይም ቃሪያ የምጠቀልልበትን ጋዜጣ አንብቤ ሳልጨርስ ለገዢ አልሰጥም። ገዢው ቆሞ ይጠብቃል፣ ምን ያመጣል።

ስልክ እያለ ለምን ትጽፊያለሽ እንዳትለኝ። የተማርኩት ልደውል አይደለም።

ያዘዝከኝን ለአባትህ ነገርኩት። «ኢያቄም የእናቱን ነጠላ ላኩልኝ ይላል፣ ለሥራው ይፈልገዋል» አልኩት። «ለቀብሯ ፈቃድ ያጣ ሰው ለነጠላዋ ከየት አመጣ?» ብሎ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠበት። እስኪነሳ ብጠብቅ ምሳውንም እዚያው አስቀርቦ በላ። ያ የነሐሴ ጎርፍ እናትህን ገዲሴን ከነዋንዛዋ ከወሰዳት ወዲህ ወንድሜ ስምህን አይጠራም፤ «ያ ልጅ» ነው የሚልህ። በቀብሯ ዕለትም እንባ አልወጣውም፤ እንደ ግንብ ቆሞ ዋለ። ይህን የጻፍኩት እንድታዝን ብዬ አይደለም፤ «ግንብ» የሚለውን ቃል ስለቻልኩበት ነው።

«የአየር ንብረት ስጋት» ያልከኝ ደግሞ ግራ ገባኝ። አየርም ንብረት ሆኖ ይወረስ ጀመር ወይ ብዬ ዝማሬን ጠየቅኳት። «ጎርፉም ያው ነው፣ ያለ ወቅቱ የሚከርረው ፀሐይም ያው ነው፤ እሱን እያሰቡ እንቅልፍ ማጣት ነው» አለችኝ። እንግዲያ የእኛው ሰፈር ነገር ነዋ። ስሙን ምን አስረዘመው? ፒያሳ ላይ ቆሜ አሳያለሁ ስትለኝም የእኛ ፒያሳ መስሎኝ በአውቶቡስ መጥቼ ላጨበጭብልህ ነበር።

በቸር ግጠመኝ። መነጽር ላክልኝ። ዐይኔ ደህና ነው፤ የሚያነብ ሰው መነጽር ስለሚያደርግ ነው።

አክስትህ ተሾመች


ቦሎኛ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ተሾመች፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እጅዎ ከእኔ እጅ ያምራል። መነጽሩን አስቤበታለሁ።

አባባ ነጠላውን ባይሰጥ አልፈርድበትም። ሌላ ጨርቅ እጠቀማለሁ። እባክዎ ሁለተኛ አያስቸግሩት።

ሥራው እንዲህ ነው። እዚህ ያለው አደባባይ ዛፍ የለውም፤ በቀትር ድንጋዩ በጫማ ውስጥ ያቃጥላል። ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ሳይ ሄጄ ጨርቄን በሁለት እጄ ከራሱ በላይ ዘርግቼ ጥላ እሆንለታለሁ። ዝም ብዬ እቆማለሁ። ለምን ብሎ ከጠየቀኝ ብቻ ስለ እናቴ እነግረዋለሁ። ገዲሴ በኦሮምኛ ጥላ ማለት እንደሆነ፣ ወንዝ ዳር ዋንዛዋ ሥር ተቀምጣ ቆስጣዋን ስትጠብቅ ወንዙ አፈሩን ከሥሯ እንደሸረሸረው፣ ዛፉም እሷም አብረው እንደሄዱ። ደመና ባየሁ ቁጥር እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር መጠሪያ ቢያጣ «ለቅሶ» አልኩት። የሥራው ስም ለቅሶ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ሰኔ 8 እሑድ፣ በእርስዎ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ዋንዛው በነበረበት ቦታ አምስት ስድስት ጎረቤት ሰብስበው ጨርቅ ወይም ጃንጥላ ዘርግተው ትንሽ ቢቆሙልኝ፣ አንድ ፎቶም ቢያነሱ፣ እኔም እዚህ በዚያው ቀን እቆማለሁ። ብዙ ሰው አያስፈልግም። ለአባባ ምን ብዬ እንደምነግረው ስለማላውቅ እሱን ይተዉት።

የወንድምዎ ልጅ ኢያቄም


ሀና ማርያም፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢያቄም፣

ፖስታህ ትናንት ደረሰኝ፤ ሰላምታዬን እየሮጥኩ ተቀበል። ጊዜ የለኝም፣ ሥራህን ይዣለሁ።

አምስት ስድስት ሰው ትላለህ? አክስትህን አታውቃትም ማለት ነው። እኔ ጠርቼ አምስት ሰው ከመጣ አገር ለቅቄ ልሂድ። ማስታወቂያውን በገዛ እጄ ጽፌ የእድሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ዝማሬ «ላርምልዎት» ብትል «የኔን ጽሑፍ ሰው አይነካውም» አልኳት። ከዚህ በታች የገለበጥኩልህ ነው፤ አንብበህ ተደነቅ።

«የኢያቄም ለቅሶ። እሑድ ሰኔ 8 ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ወንዝ ዳር ዋንዛው በነበረበት። ሁላችሁም ኑ።»

አጭር፣ ግልጽ፣ አንድ ፊደል ያልጎደለው። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ሞልቱም ጧት ዞሮ ሊለፍፍልኝ ቃል ገብቷል። «እንዲህ ያለ ንጹሕ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ማንበብ እንደማይችል ቆይቼ ነው ያስታወስኩት፤ ቢሆንም የሰው ዐይን አይዋሽም።

ተሾመች


ቦሎኛ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ተሾመች፣

ሰላምዎ ይብዛ። ከትናንት ወዲያ ቆምኩ። እውነቱን ልንገርዎት፤ ጥሩ አልነበረም። የአልጋ ልብሴን ነበር የዘረጋሁት። አንዷ ሴትዮ የምሸጠው መስሏት ዋጋውን ጠየቀችኝ። አንድ ሽማግሌ ሳንቲም እግሬ ሥር ጥሎ ሄደ። አንድ ሰው ብቻ ጥላው ውስጥ ቆየ፤ እሱም ስልኩ ላይ ያለውን ለማየት ነበር። ስለ እናቴ ስነግረው እጄ ዛለ እንጂ ልቤ አልተነካም። የማላለቅሰውን ለቅሶ ለሰው የማሳይ አስመሳይ ሆኜ ራሴን አገኘሁት። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ሁሉ እንዴት ትልቅ ይመስል ነበር።

በእናንተ በኩል እንዴት ሆነ? አምስት ሰውም ቢሆን ቆሞ ከሆነ ይበቃኛል። ፎቶውን እጠብቃለሁ። መልስዎ ገና አልደረሰኝም።

ኢያቄም


ሀና ማርያም፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢያቄም፣

ቸር ነው ወይ? እኛ ቸር ነን። ዝናቡ ጀምሯል።

የጠየቅከኝን በተመለከተ፣ ሰው መጥቷል። ብዙ ነው። አለቀሰም። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ከመካኒሳ አቦ ድረስ የመጣ ነበር። ፎቶ አልተነሳም፤ የሚያነሳው ሰው እጁ አልታዘዘለትም።

አባትህ ደህና ነው። አሁን አሁን ጥቁር ይለብሳል። ያምርበታል።

መነጽሩን ተወው፤ አያስፈልገኝም።

ተሾመች


ቦሎኛ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ፣

ምን ብዬ ላመስግንዎት? ደብዳቤዎን ሦስት ቦታ ይዤው ዞርኩ። ለወንዝና ለአንድ ዛፍ ያ ሁሉ ሰው ሊያለቅስ? እዚህ በትምህርት የማስረዳው ነገር እዚያ ያለ ምንም ማስረዳት ገብቷቸዋል። ለአደባባዩ ትርኢት አዘጋጆች ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ አንደኛዋ ዐይኗን ጠረገች። በመጸው ሥራውን እንድደግመው ጋብዘውኛል። ፖስተሩ ላይም «በነፋስ ስልክ አንድ ሰፈር ሙሉ ለወንዙ አለቀሰ» የሚል ይገባበታል። ማስታወቂያዎ ዘግይቶ ቢደርሰኝም ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። መቼም እንዲህ ያለ

እዚህ ላይ ስልክ ጠራና ተውኩት። አሁን ተመልሼ ልጨርሰው።

የደወለው ሃምዛ ነበር፤ አብሮ አደጌ፣ ሚላኖ የሚኖረው። «ሃሎ» አልኩት። በሹክሹክታ፣

«የሟች ስልክ ነው?» አለኝ።

«የማን ሟች?»

«የኢያቄም። ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ቤተሰብ ነዎት?»

«ሃምዛ፣ እኔ ነኝ።»

ስልኩን ዘጋው። እንደገና ሲደውል ይንተባተብ ነበር። እህቱ ከመካኒሳ አቦ መጥታ ለቅሶዬን ደርሳ፣ እናቴ በነበረችበት ወንዝ ዳር ደረቷን መትታ፣ ልጆቿን ትታ ስለመጣች ቀደም ብላ ወጥታለች። አባቴን አይታዋለች። ያየችውን ልትነግረው አልቻለችም።

እትዬ፣ ግድግዳዬ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አሁን እንደገና አነበብኩት።

እኔ ሞቼ ነው እንዴ?

ኢያቄም


ሀና ማርያም፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢያቄም፣

በሰላምታ አልጀምርም፣ ሰላም የምልበት ፊት የለኝም። አዲሱ ዓመት ግን ያንተ ይሁን።

ሞተሃል። የገደልኩህም እኔ ነኝ፣ በአራት መስመር።

ያን እሑድ ሞልቱ ማልዶ ጡሩምባውን እየነፋ «የማሞ ልጅ፣ የኢያቄም ለቅሶ» እያለ ሲዞር እኔ ቤቴ ፀጉሬን እያበጠርኩ እኮራ ነበር። ወንዝ ዳር ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። ድንኳን አላዘዝኩም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ንፍሮ ቀርቧል። ሞልቱን በክንዱ ጎተትኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለቅሶ ነዋ።»

«የማን ለቅሶ?»

«አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው? የኢያቄም።»

«እኔ ኢያቄም የሚያለቅሰውን ነው ያልኩት እንጂ ኢያቄም የሚለቀስለትን አይደለም።»

ጡሩምባውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እሱን አልጻፍሽውማ» አለኝ።

ልናገር አፌን ስከፍት አባትህ መጣ። ባዶ ራሱን ነው፤ ጥቁሩን ኮት አንዱን እጅጌ ብቻ አጥልቆ። የእናትህን ነጠላ አቅፎ ይዟል። ሳጥኑን ሰብሮ ነው ያወጣው፤ ቁልፉን ለመፈለግ ልብ አልነበረውም። ሰው ሁሉ ገለል አለለት። እኔ ግን ተደበቅኩ። አፌ የማይታሰረው ተሾመች የእድሩ ብረት ድስት ኋላ ተደበቅኩ። ፎቶህ ስላልነበረ ነጠላዋን የሟች ፎቶ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አኖራትና ስምህን ጠራ። «ያ ልጅ» አላለም። ኢያቄም አለ፣ እየደጋገመ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀመጠውን በአንዴ እንደሚጨርስ ሰው። ከዚያ ለገዲሴ ያልወጣው ድምፅ ወጣው፦

ፀሐይ ከረረና ጥግ ቢያምረው ልቤ፣
ለካ ጥላ ሄደች ማልዳ ካጠገቤ።

«ጥላ ሄደች» የሚለውን በሁለቱም መንገድ አንብበው። እኔ በአንድ መንገድ ብቻ አንባቢ ነበርኩ፣ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሰው ተላቀሰ። ያ ወደ አንተ የጻፍኩት ለቅሶ ይሄ ነበር። ለወንዙ አይደለም፤ ወንዙንማ ዞር ብሎ ያየው የለም። ያኔ ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። ግን ወንድሜ እንዲያ ሲያለቅስ መሐል ገብቼ «ጽሑፍ ተሳስቼ ነው» ልበለው? እንዲሁ ድስቱን አቅፌ ቆየሁ።

የተናገረችው ዝማሬ ናት። ሰሌዳውን አንብባ እየሮጠች መጣች። «ኢያቄም አልሞተም፤ ማስታወቂያው ነው እንጂ» አለች። ገሚሱ ሳቀ፤ ገሚሱ ንፍሮውን ይዞ እያጉረመረመ ሄደ። አባትህ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ማን ነው የጻፈው?» አለ።

ከድስቱ ኋላ ወጣሁ። ቀሚሴ በጥላሸት ጠቁሯል። «እኔ ነኝ።»

«ደውዬ ላገናኝህ እንዳትይኝ» አለኝ። «ዘንድሮ በኮምፒውተር የሙት ድምፅ ያናግራሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። በጽሑፍ ሞተ አላችሁኝ፣ በጽሑፍ ይንገረኝ። እስከዚያ ኮቱን አላወልቅም።»

ነጠላዋን አጣጥፎ ሰጠኝ። «ሙት ከሆነ ይከፈንባት፣ ካለ ይልበሳት። አንድ ጊዜ ለቅሶውን ተቀምጫለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም» አለኝ።

በጊዜው አልላክኋትም፤ ብልካት ከየት መጣች ስትለኝ ይህን ሁሉ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። አሁን ከዚህ ጋር ደርሳሃለች። አባትህ ክረምቱን ሙሉ በዚያው ኮት ነው የከረመው። ሰው ሲያየው ይስቃል፤ ወዲያው ደግሞ እኔን ያያል። «ተሾመች፣ እስቲ ስሜን ጻፊልኝ፣ መኖር ሰልችቶኛል» ይሉኛል ጉሊቴ ላይ። ድሮ ቢሆን እኔው ነበርኩ ይህን የምቀልደው። ክፍልም መሄድ ትቻለሁ።

ጻፍለት። ለእኔ ባትጽፍ እንኳ።

ተሾመች


ቦሎኛ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ ተሾመች፣

ፊትዎን አይሰውሩብኝ። ማፈር ካለብን እኩል ነው።

ለአዘጋጆቹ ሄጄ ነገርኳቸው። «ለወንዙ አላለቀሱም፤ የሞትኩ መስሏቸው ነው» አልኳቸው። አንዷ «ይህማ ከበፊቱ ይበልጣል፣ ይህንኑ እናውጣው» አለችኝ። የአባቴን ለቅሶ ፖስተር ላይ ለመለጠፍ ለጥቂት ጊዜ፣ ለጥቂት ብቻ፣ አሰብኩበት። ይህንንም ይወቁልኝ። ከዚያ ሥራውን ሰረዝኩት።

ነጠላዋን አደባባይ አላወጣኋትም። ቤቴ ውስጥ ለብሻት ተቀመጥኩ። ያልመጣልኝ ሁሉ መጣ። የሚያይ ሰው አልነበረም።

እርስዎ አንድን ቃል በአንድ መንገድ ብቻ ማንበብዎን ነገሩኝ። እኔ ደግሞ አንድ ቃል በሁለት መንገድ እንደሚነበብ እያወቅኩ ተጠቅሜበታለሁ። እናቴ ስትሞት «ፈቃድ አጣሁ» ብዬ ነበር። አባባ የሥራ ፈቃድ መሰለው፤ እኔም እንዲመስለው ተውኩት። ያጣሁት የመኖሪያ ፈቃድ ነበር። ያኔ ከዚህ ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም። ወረቀት የሌለው ልጅ ከመባል ጨካኝ መባል ቀለለኝ። ይህን ለአባባ በቃልዎ ይንገሩልኝ።

የታጠፈው ወረቀት የእሱ ነው። ብዙ ጽፌ ብዙ ቀደድኩ። በሁለት መንገድ የሚነበብ አላስገባሁበትም። ለዝማሬ አይስጡት፣ እርስዎ ያንብቡለት፤ ጣትዎን እያስኬዱ፣ ፊደል በፊደል። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው አልፈልግም።

ልጅዎ ኢያቄም

በእሽጉ ውስጥ መነጽር አለ።


ሀና ማርያም፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኢያቄም ማሞ፣

ጻድቁ አቦ ያኑሩህ። ዘንድሮ «ያኑሩህ» ስል ከልቤ ነው፣ ፊደሉንም ሁለቴ አይቼዋለሁ።

መነጽሩ ልክ ነው። ሞልቱ ሲያየኝ «ዳኛ መሰልሽ» አለኝ። «ጡሩምባህን ያዝ፣ እፈርድብሃለሁ» አልኩት። ወደ ማታው ትምህርትም ተመልሻለሁ። ዝማሬ ምንም ሳትል ደብተሬን አቀበለችኝ፤ የእድሩን ማስታወቂያ ግን ለማረም አሁንም ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቀኛለች።

ወረቀትህን የደረሰኝ ዕለት ይዤለት ሄድኩ። ቤት አልነበረም፤ ዋንዛው በነበረበት ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቀትር ነው፤ እዚያ ደግሞ አሁን መጠጊያ የለም። ጥቁሩን ኮት እስከ አንገቱ ቆልፎ ላቡ ይንጠባጠባል። ዐይኑን ሞራ ጋርዶታልና በኮቴዬ ነው የለየኝ።

የፈቃዱን ነገር መጀመሪያ ነገርኩት። ወደ ወንዙ ዞሮ፣ «ወረቀት ነው?» አለኝ። «ወረቀት ነው» አልኩት። «እኔስ ወረቀት እንዲህ ሰው እንደሚይዝ የት አውቄ» አለ።

ከዚያ ያንተን ፈታሁ። ጣቴን አስኬድኩ። አ፣ ባ፣ ባ። አ፣ ለ፣ ሁ። አባባ፣ አለሁ።

«ቀጥይ» አለኝ።

«አለቀ። ከዚህ በኋላ ስሙ ነው።»

«እጁ ነው?»

«እጁ ነው። ‹ቄ›ዋ ለእኔ እንደሚጽፋት ጎብጣለች።»

«ድገሚው።»

ልደግመው ስል አቃተኝ። ፀሐዩ ወረቀቱ ላይ አርፎ ነጩ ዐይኔ ውስጥ ገባ፤ መነጽሩም አልረዳኝ፤ ፊደሉ ሁሉ ሸሸ። «ቆይ፣ ፀሐዩ ነው፣ አላይ አልኩ» አልኩት።

ወንድሜ ተነሳ። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ። አወለቀው። ዞሮ ከኋላዬ መጣና በሁለት እጁ ከራሴ በላይ ዘረጋው። ወረቀቱ ላይ ጥላ ወደቀ።

«በይ» አለኝ፣ «አሁን ድገሚው።»

አክስትህ ተሾመች